ወረንጦ፣ ማስቲሽና አንዲት ቁራጭ አሉሚኒየም

በብስክሌት ረጅም መንገድ ስትሄድ ከምትይዘው መሣሪያ ቦርሳ አንድ ነገር ብቻ አስቀርተህ ሌላውን ጣል ብባል የማስቀረው ወረንጦ ነው። ድሮ አባቶች በአንገታቸው ክር የሚያንጠለጥሉት፣ እሾህ የወጋው እረኛ ሁሉ ሮጦ የሚለምነው ያው ወረንጦ። ከአዲስ አበባ በሚወጡት የአስፋልት መንገዶች ላይ ብስክሌተኛን በብዛት የሚያስቆመው እሾህ ሳይሆን ሽቦ ነው። የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ በውስጡ ያለው ቀጭን የብረት ክር ተበጣጥሶ በመንገዱ ጠርዝ፣ ልክ እኛ በምንሄድበት መስመር ላይ ይቀራል። ስባሪው ጎማውን በስቶ ይገባና ጫፉ ብቻ ወደ ውስጥ ብቅ ይላል። ከውጭ ቢፈልጉት አይታይም። ካላማዳሪያውን አውጥተህ ትለጥፋለህ፣ ትነፋለህ፣ ብዙ ሳትርቅ እንደገና ይተነፍሳል። የጎማውን ውስጥ በጣትህ ቀስ ብለህ ስትዳብስ ይወጋህና ታገኘዋለህ፤ ያኔም በጥፍር አይያዝ፣ በፒንሳ አይያዝ። የፒንሳ አፍ ለእሱ ሰፊ ነው። ወረንጦ ግን አንቆ ያወጣዋል።

ስለ መሣሪያና መለዋወጫ የሚመክሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከክብደት ይጀምራሉ። አንዱ ሁሉንም ያዝ ይላል፤ ሌላው ስልክና ገንዘብ ካለህ ምንም አትያዝ ይላል። ሁለቱም አይዋጡልኝም። ክብደቱ ኋላ የሚታይ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ይህ ዕቃ ቢሰበር የሚተካው ከፊቴ ባለችው ከተማ ይገኛል ወይ የሚለው ነው። አስፋልት የደረሰባት ከተማ፣ የቱንም ያህል ትንሽ ብትሆን፣ ጎሚስታ አታጣም። በያጅ አላት፤ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት የሚጠግን ወጣት አላት፤ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ጫማ ሰፊ አላት። መዶሻው፣ ትልቁ ቁልፍ፣ የብረት መጋዙ፣ ግራሶው እነሱ ዘንድ ሞልቶ ሳለ እኔ ከአዲስ አበባ ተሸክሜው የምወጣበት ምክንያት አይታየኝም። እነሱ ዘንድ የማይገኘው ከእኔ ብስክሌት በቀር ሌላ ቦታ የማይገጥም ነገር ነው። የቦርሳዬ ቦታ የእሱ ነው።

ከዚህ ዓይነቱ ዕቃ ሁሉ አንደኛ የማደርገው የኋላውን ማርሽ ቀያሪ ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚያያይዘውን ቁራጭ አሉሚኒየም ነው። ከሁለት ጣት አይበልጥም፤ ኪስ ውስጥ ቢገባ አይታወቅም። ሆን ተብሎ ለስላሳ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ብስክሌቱ ሲወድቅ ዋናው አካል እንዳይጎዳ እሱ ይታጠፋል ወይም ይሰበራል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ እያንዳንዱ ፋብሪካ፣ አልፎ ተርፎም የአንዱ ፋብሪካ እያንዳንዱ ሞዴል፣ የየራሱ ቅርጽ ያለው መሆኑ ነው። የብሎኑ ቀዳዳ በአንዲት ሚሊሜትር ከተለየ አይገጥምም። የመለዋወጫ ገበያውን ሶማሌ ተራን ከዳር እስከ ዳር ብትዞር የማታገኘው ዕቃ ካለ ይህ ነው። ደግሞ የሚጎዳው በመንዳት ላይ ብቻ እንዳይመስልህ። ብስክሌት በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲጫን ረዳቱ ሻንጣ ከላዩ ይከምርበታል፤ ያቺ ቁራጭ ወደ ውስጥ ትታጠፋለች። ሳታይ ተነሥተህ ከባዱን ማርሽ ትተህ ወደ ቀላሉ ስትቀይር ማርሽ ቀያሪው ከሚሽከረከሩት የቸርኬ ሽቦዎች መሐል ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚሰማውን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም።

መለዋወጫው ከሌለህ ማርሽ ቀያሪውን ፈትተህ ታወጣለህ፣ ካቴናውን አሳጥረህ በአንድ ማርሽ ብቻ ትሄዳለህ። ለዚህ ደግሞ የካቴና መፍቻና አንድ ሁለት የካቴና ማገናኛ ያስፈልጋል። ማገናኛው በኋላ ባሉት ማርሾች ብዛት ይለያያል፤ የባለ 9ኙ ለባለ 11ዱ አይሆንም። በአንድ ማርሽ ሜዳ ላይ ይሄዳል፤ ዳገት ላይ ግን ብስክሌቱን እየገፉ መሄድ ነው።

የቸርኬ ሽቦም እንዲሁ። ጭነት ባለበት ብስክሌት ላይ ቀድሞ የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ የኋላው ቸርኬ የቀኝ በኩል ሽቦ ነው፤ በዚያ በኩል ያሉት ለማርሹ ቦታ ለመስጠት ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ ይበልጥ ይወጠራሉ። እንደ ክፉ አጋጣሚ ሆኖ እሱን ለመቀየር የማርሹን ጥርሶች መንቀል ግድ ነው። መንቀያው ሙሉ መሣሪያ ረጅም እጀታ ያለው፣ ከባድ ነገር ነው። እኔ የምይዘው ጥርሱ ላይ የሚገባውን ትንሿን ቁራጭ ብቻ ነው። እሷን የሚያዞረው ትልቅ ቁልፍ ማንኛውም የባጃጅ መካኒክ ዘንድ አለ። ጥርሶቹ አብረው እንዳይዞሩ የሚይዝ ደግሞ ያስፈልጋል፤ ለዚያ አሮጌ ካቴና በአንድ ዱላ ላይ ጠምጥሞ መያዝ ይበቃል። ሽቦዎቹን መቀመጫው በሚገባበት ቱቦ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልዬ እከታቸዋለሁ፤ እንዳይንቋቁ። የቀኙና የግራው ርዝመት አንድ ስላልሆነ በየራሳቸው ማሰር ይሻላል፤ የልዩነቱ መጠን ጥቂት ሚሊሜትር ስለሆነ በዓይን አይለይም፣ በተለይ ሊመሽ ሲል።

አሁን ወደ ዓባይ በረሃ ልውረድ። ይህን የምጽፈው የጎጃም መንገድ እንደ ልብ ይሄድበት የነበረውን ጊዜ እያሰብኩ ነው። ከሱሉልታ እስከ ፍቼ፣ ከፍቼ እስከ ገብረ ጉራቻ ያለው የሰላሌ ሜዳ ነፋሱ ካልተቃወመህ ደስ ይላል። ጎሐ ጽዮን ስትደርስ ግን መሬቱ ከፊትህ ይጠፋል። 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ቁልቁለት ከ1,300 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፤ ከዚያ ወዲያ ማዶ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ትወጣለህ። አፈሩ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ተጎብጧል፣ ተሰንጥቋል። መንገዱ እንደተጨማደደ የተነጠፈ ምንጣፍ ይመስላል። ጭነት የያዘ ብስክሌት እያንዳንዱን ጉብታ በብሎኖቹ ይቀበላል። የዕቃ መጫኛውን የሚይዙት ብሎኖች 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ናቸው፤ ይላላሉ፣ ካልጠበቁም ይሰበራሉ። ከመውረዴ በፊት ጎሐ ጽዮን ሻይ ጠጥቼ እያንዳንዱን በባለ ስድስት ጎን ቁልፍ አጠብቃለሁ፤ ድልድዩ ጋ ስደርስ እደግመዋለሁ። በጃፓን ድጋፍ የተሠራው አዲሱ ድልድይና አሮጌው ጎን ለጎን የሚታዩበት ቦታ ላይ ሙቀቱ ሌላ አገር የገባህ ያስመስልሃል።

በዚህ ቁልቁለት ላይ ዋናው ነገር ፍሬን ነው። በቸርኬው ጠርዝ ላይ የሚይዝ የጎማ ፍሬን ሲሆን ቸርኬው ይግላል፤ ለረጅም ጊዜ ሳትለቅ ከያዝከው ውስጥ ያለው አየር ሞቆ ካላማዳሪያው ሊፈነዳ ይችላል። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ማድረግ፣ ካስፈለገም ቆሞ ማሳረፍ ነው ያለው። የዲስክ ፍሬን ከሆነ ቸርኬው አይግልም፣ ነገር ግን የሚያልቀው ሸራ እንደ ሞዴሉ ይለያያልና ትርፍ ጥንድ ሳይይዙ መውረድ እብደት ነው። ክብደቱ ጥቂት ግራም ነው። እኔ በዘይት ከሚሠራው ይልቅ በሽቦ የሚሳበውን የምመርጠውም ለዚሁ ነው። ሽቦ ቢበጠስ የሞተር ብስክሌት መካኒክ በሆነ መንገድ ይፈታዋል፤ ዘይቱ ከፈሰሰ ግን የሚሞላበት መርፌና ትክክለኛው ዘይት እዚያ የለም።

ጎማ ላይ ስመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ሱቅ ገብተህ «28 ጎማ አለ?» ስትል «አለ» ይሉሃል፣ እውነታቸውንም ነው። ግን ያ 28 የድሮው ጥቁር ከባድ ብስክሌት ጎማ ሊሆን ይችላል። የእሱ የቸርኬ መቀመጫ ዲያሜትር 635 ሚሊሜትር ነው፤ የዛሬዎቹ የረጅም ጉዞ ብስክሌቶች ብዙዎቹ የሚፈልጉት ደግሞ 622 ነው። ልዩነቱ 13 ሚሊሜትር ብቻ፤ ግን አንዱ በሌላው ላይ ለዘለዓለም አይቀመጥም። ስሙን ሳይሆን በጎማው ጎን ላይ በትንሹ የተጻፈውን ሦስት አሐዝ ማንበብ ነው። 559 የሚለው፣ ማለትም ተራው ባለ 26ቱ፣ በየከተማው የሚከራዩት የልጆችና የወጣቶች ብስክሌቶች ስለሚጠቀሙበት ከሁሉ ይበልጥ ይገኛል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላይማ ከነካላማዳሪያው ተደርድሮ ታየዋለህ። አዲስ ብስክሌት ለመግዛት የሚያማክረኝ ሰው ካለ፣ በእኛ አገር መንገድ ረጅም የሚሄድ ከሆነ 26 ግዛ እለዋለሁ። ፋሽኑ አልፎበታል ይሉኛል። ይለፍበት።

የጎማው ጎን በሹል ድንጋይ ሲሰነጠቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ደምበጫ ከመድረሴ በፊት አንድ ከባድ መኪና ከአስፋልቱ ወደ ጠጠሩ አስወጥቶኝ የኋላ ጎማዬ ጎን በጣት ርዝመት ተቀደደ። ካላማዳሪያው በቀዳዳው እንደ እጢ እየወጣ እያበጠ ነበር። በጥርስ ሳሙና ቱቦ ከውስጥ ደግፌ፣ ብስክሌቱን እየገፋሁም እየነዳሁም ከተማው ገባሁና ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የተቀመጡ አዛውንት ጫማ ሰፊ ዘንድ ጎማውን ይዤ ቀረብሁ።

«ልጄ፣ ይህ እንኳ ጫማ አይደለም» አሉ እየሳቁ።

«አባባ፣ ጫማ የሰፋ እጅ ይህን ያቅተዋል?»

ጎማውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ስንት ኪሎ ይሸከማል ብለው ጠየቁ። ነገርኋቸው። ከዚያ ክሩን በሰም አሹት፤ ወስፌውን ከቀዳዳው ጫፍ ራቅ አድርገው ወጉ፣ ጠርዙ ላይ ቢሰፉት እንደሚተረተር ያውቃሉ። በመስቀለኛ እየሰፉ ወረዱ። እኔ አበቃ ብዬ እጄን ስዘረጋ «ቆይ» አሉኝ። ከተጣሉ ጫማዎች መሐል ስስ ቆዳ መርጠው ቆረጡ፣ ጠርዙን በቢላ ፋቁት፣ ከውስጥ በኩል በማስቲሽ ለጠፉት። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቃቸው «ቋጠሮው የውስጡን ይበላዋል» አሉ። ብስክሌት ነድተው አያውቁም። የጠየቁኝ ዋጋ የአንድ ጫማ መስፊያ ነው። ጎማው ያለ ምንም ችግር ባሕር ዳር ደረሰ፤ እዚያም ሳልቀይረው ጥቂት ጊዜ ነዳሁበት። ከዚያ ወዲህ የምይዘው ጠንካራ መርፌና ጥቂት የናይሎን ክር ብቻ ነው፤ ትርፍ ጎማ አልይዝም። ጫማ ሰፊ በሌለበት ምድረ በዳ የሚሄድ ሰው ግን የእኔን ምክር አይስማ።

ጎሚስታ ዘንድ ስትሄድ ደግሞ የቫልቭ ነገር አለ። ቀጭኑ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ መፍቻ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት ቫልቭ ከጎሚስታው ማሽን ጋር አይገጥምም። እንደ መኪና ያለው ወፍራሙ ይገጥማል። ለቀጭኑ የሚሆን የናስ ቆብ መሳይ ማገናኛ አለ፤ በገንዘብም በክብደትም ከምንም አይቆጠርም፣ ስለዚህ ሁለት ይዘህ አንዱን ቫልቩ ላይ እንደተጠመጠመ ተወው። ማሽኑ ሲሞላም ዓይንህን አትንቀል፤ ለመኪና የለመደ እጅ የብስክሌትን ጎማ በዓይን ቅጽበት ያፈነዳዋል። ልጥፉንም ቢሆን ራሴ ብለጥፍ እመርጣለሁ። እነሱ በጋለ ብረት ጨፍልቀው ሲለጥፉ ለመኪና ድንቅ ነው፤ ስሱን የብስክሌት ካላማዳሪያ ግን አንዳንዴ ያቃጥለዋል።

ራስህ ስትለጥፍ ደግሞ ተመልካች አለብህ። ቦርሳህን ከፍተህ መንገድ ዳር ስትቀመጥ ከየት እንደመጡ የማታውቃቸው ልጆች፣ ከዚያ ጎረምሶች፣ በመጨረሻም በትር የያዙ አንድ ትልቅ ሰው ይከቡሃል። ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ትፍቃለህ፣ ማስቲሹን ትቀባለህ፣ ከዚያ እስኪደርቅ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ። እዚህ ላይ ነው ጉባኤው የሚታወከው። «ለጥፈው እንጂ! ደረቀብህ!» ይላሉ። መድረቅ እንዳለበት፣ እርጥብ እያለ ከተለጠፈ እንደሚላቀቅ ብታስረዳ የሚያምንህ የለም። አንዱ ልጅ ልጥፉን ከእጅህ ሊቀበልህ ይሞክራል። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ አሮጌ ነጠላ ነው። መሬት ላይ ዘርግቼ መሣሪያውን ሁሉ እሱ ላይ አደርጋለሁ፤ ብሎን ከጠጠር ጋር አይደባለቅም፤ ልጆቹም የጨርቁን ዳር ድንበር አድርገው ያከብሩታል። ከመሐላቸው ፈጠን ያለውን ብሎን ያዥ አድርጌ እሾመዋለሁ። የተሾመ ልጅ ሌላውን ሁሉ ይጠብቅልሃል።

እ.ኤ.አ. በ1913 በቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር ላይ ፈረንሳዊው ኤዥን ክሪስቶፍ የቱርማሌን ተራራ ሲወርድ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ተሰበረበት። የዚያን ጊዜ ደንብ ማንም ሊረዳው፣ ብስክሌትም ሊቀይር አይፈቅድለትም። ብስክሌቱን ተሸክሞ ብዙ ኪሎ ሜትር በእግሩ ወረደና ሳንት ማሪ ደ ካምፓን በምትባል መንደር አንድ አንጥረኛ ቤት ገባ። ዳኞቹ እያዩት ብረቱን ራሱ አግሎ፣ ራሱ ቀጥቅጦ ሹካውን ሠራው። ሁለት እጁ ሥራ ላይ ስለነበር አንድ ትንሽ ልጅ ወናፉን ነፋለት። ለዚህ 10 ደቂቃ ተቀጣ፤ ኋላ ወደ 3 ተቀነሰለት። የድል ተስፋው ግን እዚያ መንደር ቀረ። በ1919 ቢጫውን ማሊያ ለብሶ እየመራ ሳለ ሹካው እንደገና ተሰበረበት፤ ቱሩንም ሳያሸንፍ ቀረ።

ይህን ታሪክ ብስክሌተኞች የሚተርኩት ሰው ራሱን መቻል እንዳለበት ለማሳየት ነው። እኔ ስሰማው የምቆጨው ለወናፉ ልጅ ነው። ክሪስቶፍ ምድጃ ተሸክሞ አልወጣም፤ ሙያውን ይዞ ሄደ፣ ምድጃውን መንደሩ ሰጠው። ከዚያ በላይ ምን ይፈለጋል? በተቃራኒው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚጋልቡት የቱር ዲ አፍሪክ ተሳታፊዎች አሉ፤ በእኛም አገር ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ። ጓዛቸው በመኪና ይጫናል። አልነቅፋቸውም፣ ዳገቱን የሚወጡት በራሳቸው እግር ነው። ነገር ግን ጫማ ሰፊው ዘንድ የሚያደርሳቸው ነገር የለም።

አንድ ነገር ላይ ግን ከብዙ ጓደኞቼ ጋር አልስማማም። «የብረት ብስክሌት ያዝ፣ የትም ይበየዳል» ይላሉ። ግማሽ እውነት ነው። የከተማው በያጅ ለበርና ለመስኮት በሚጠቀምበት ኤሌክትሮድ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር የማይሞላውን የብስክሌት ቱቦ ቢነካው ይቀልጠዋል። በጋዝ፣ በናስ የሚበይድ ሰው ማግኘት አለብህ፤ እሱ ደግሞ በየከተማው የለም። ለዕቃ መጫኛው ከሆነ ግን ብረት መሆኑ በእውነት ይጠቅማል። አሉሚኒየሙ ሲሰበር በቧንቧ ክላምፕና በእንጨት ቁራጭ ከማሰር በቀር መላ የለውም። ሁለት የቧንቧ ክላምፕ እይዛለሁ።

አዲስ አበባ ላይ የማይገኘውን እንዴት ታመጣዋለህ የሚለኝ ሰው አለ። እንደ ሁላችንም፣ በሰው ሻንጣ። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፤ ለበዓል ስትመጣ የፍሬን ሸራና ያችን ቁራጭ አሉሚኒየም ይዛልኝ ትመጣለች። መጀመሪያ ፎቶዋን ስልክላት አይታ «ይህቺ ጌጥ ናት?» ነበር ያለችኝ። አሁን ግን ስለ ካቴና ማገናኛ ከሻጩ ጋር ትከራከራለች። ለገና ልትመጣ ነው። በዚህ ጊዜ ደግሞ ምድረ በዳ የሚበዛበት መንገድ ስላሰብሁ፣ ጠርዙ ሽቦ የሌለው፣ የሚታጠፍ ጎማ እንድታመጣልኝ ጠየቅኋት።

«ጎማ? አዲስ አበባ ጎማ ጠፍቶ ነው?» አለች።

622 መሆን እንዳለበት፣ 28 ብቻ ቢሏት እንዳትቀበል ጽፌ ላክሁላት። ሻንጣው ውስጥ ቦታ ካለ አመጣለሁ ብላለች፤ በምላሹ ሁለት ኪሎ በርበሬ፣ አንድ ኪሎ ሽሮ፣ ከተገኘ ደግሞ የቋራ ነጭ ሰሊጥ ትፈልጋለች።